በእርሳስ የተሠራ ፊልም፦ የ«ስታር ዋርስ ክፍል አንድ» አሠራር የጉዳይ ጥናት

ኖቬምበር 1 ቀን 1994 ጆርጅ ሉካስ መስመር በተሰመረበት ቢጫ ወረቀት ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። ኮምፒውተር በፊልም ሥራ ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ለዓመታት ገንዘብና ጉልበት ያፈሰሰ ሰው ቢሆንም ስክሪፕቱን የሚጽፈው በእጁ ነበር። ከዚያ ቀን አንስቶ ፊልሙ ሜይ 19 ቀን 1999 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች እስከታየበት ቀን ድረስ አራት ዓመት ተኩል አልፏል። ፊልሙ «ስታር ዋርስ ክፍል አንድ፦ ዘ ፋንተም ሜናስ» ነው፤ ይህ ጥናትም የሚመለከተው ያን አራት ዓመት ተኩልና ከዚያ በኋላ የተከተለውን ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እርሳሱን ያነሳሁት ጉዳዩን በሚገባ ስለሚያሳይልኝ ነው። በቀለም የተጻፈ ነገር ጸሐፊውን ያስረዋል፤ በእርሳስ የተጻፈው ግን እስከ መጨረሻው ሰዓት ሊፋቅና ሊታረም ይችላል። ሉካስ በእነዚያ ዓመታት የገነባው የአሠራር ሥርዓት በሙሉ ፊልምን ከቀለም ወደ እርሳስ ለማሸጋገር የታሰበ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላም ሰማዩ፣ ሕንፃው፣ ሠራዊቱ፣ የተዋናዩ ዓይን ሳይቀር እንዲለወጥ ይፈልግ ነበር። ይህን ነፃነት በአብዛኛው አግኝቶታል። ነፃነቱ ምን እንደሰጠውና ምን እንዳልሰጠው ማየት፣ ትልቅ ፊልም ለሚሠራም ሆነ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚገኝለት አይመስለኝም።

ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ

ቀዳሚ ታሪክ የሚተርክ ፊልም ከሌሎች ፊልሞች የሚለይበት አንድ ሸክም አለው፤ ተመልካቹ ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቃል። በ1977፣ በ1980 እና በ1983 የወጡትን ሦስት ፊልሞች ያየ ሰው ሁሉ፣ አናኪን ስካይዎከር የተባለው ሕፃን አድጎ ክፉው ዳርዝ ቬደር እንደሚሆን፣ ጄዳይ የተባለው የብርሃን ሰይፍ ተዋጊ ኦቢ ዋን ኬኖቢም እስከ እርጅናው በሕይወት እንደሚኖር ያውቃል። ስለዚህ «ማን ይሞታል? ማን ይተርፋል?» የሚለው ጥያቄ ኃይሉን ያጣል፤ በቦታው «እንዴት እዚያ ደረሰ?» የሚለው መተካት አለበት።

ሉካስ ይህን ሸክም በሁለት መንገድ ሊያቃልለው ሞክሯል። አንደኛው የአናኪን ዕድሜ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ልጁ የ12 ዓመት ነበር፤ ኋላ ግን ከእናቱ መለየቱ የበለጠ እንዲጎዳው በማሰብ ወደ 9 ዓመት ዝቅ አደረገው። ውሳኔው ለታሪኩ ሥር የሚሰጥ ቢሆንም የፊልሙን ከባድ ሸክም በስምንት ዓመት ተዋናይ ትከሻ ላይ አሳረፈው። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረ ሰው መፍጠር ነው። ሊያም ኒሰን የተጫወተው ክዊ ጎን ጂን በቀደሙት ፊልሞች ስሙ እንኳ አይነሳም፤ በመሆኑም ዕጣ ፈንታውን ማንም አያውቅም። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ያለው የብርሃን ሰይፍ ፍልሚያ እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀው፣ ከሦስቱ ተፋላሚዎች ሁለቱ ምን እንደሚሆኑ አስቀድሞ ስላልተወሰነ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከልካይ የሌለው ገንዘብ

የፊልሙ በጀት 115 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ያወጣውም የሉካስ የራሱ ኩባንያ ሉካስፊልም ነው። ትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ አከፋፋይ ብቻ ነበር። ይህ ሁኔታ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ሉካስ ለመጀመሪያው ፊልም ሲዋዋል ተከታይ ፊልሞችን የመሥራትና ሸቀጦችን የመሸጥ መብት በእጁ እንዲቀር አድርጎ ነበር፤ የአሻንጉሊቱና የልብሱ ገቢ ከሃያ ዓመት በኋላ ነፃ ሰው አደረገው። በ1977 ስቱዲዮው በበጀትና በጊዜ ሲያስጨንቀው የነበረ ሰው፣ በ1997 «ይህን ቀንስ፣ ያን አውጣ» የሚለው የበላይ አልነበረውም።

ዳይሬክተርነቱን ለሌላ ለመስጠት አስቦ እንደነበርም ይታወቃል። ሮን ሃዋርድ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተናገረው፣ ሉካስ ለእሱ፣ ለሮበርት ዜሜኪስና ለስቲቨን ስፒልበርግ ጥያቄ አቅርቦ ሦስቱም ራሱ እንዲሠራው መክረውታል። ከ1977 ወዲህ ፊልም ዳይሬክት ያላደረገው ሉካስ ከ22 ዓመት በኋላ ወደ ወንበሩ የተመለሰው እንዲህ ነው። ጸሐፊው፣ ዳይሬክተሩና ገንዘብ አውጪው አንድ ሰው ሆኑ።

ዝግጅት

ሉካስ ገና ስክሪፕቱን እየጻፈ ሳለ በ1995 መጀመሪያ በዳግ ቻንግ የሚመራው የንድፍ ቡድን ሥራውን ጀመረ። በተለመደው አሠራር ስክሪፕት ይቀድማል፣ ሥዕል ይከተላል፤ እዚህ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሠዓሊዎቹ የሚያቀርቡት መርከብ ወይም ፍጡር ተመልሶ ታሪኩ ውስጥ ይገባ ነበር። ከዚያም በዴቪድ ዶዞሬትዝ የሚመራ ቡድን ትዕይንቶቹን ረቂቅ በሆነ የኮምፒውተር አኒሜሽን እያዘጋጀ፣ ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት በእንቅስቃሴ እንዲታይ አደረገ። ዛሬ ትልልቅ ፊልሞች ሁሉ የሚከተሉት ይህ ልማድ ያን ጊዜ በዚያ ስፋት አልተለመደም ነበር።

ፕሮዲዩሰሩ ሪክ ማክካለም አብዛኞቹን ዋና ባለሙያዎች ያመጣቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ወጣቱ ኢንዲያና ጆንስ ከሉካስ ጋር ከሠራው የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። የቀረጻ ቦታ ዲዛይነሩ ጋቪን ቦኬትና ሲኒማቶግራፈሩ ዴቪድ ታተርሶል ከዚያ የመጡ ናቸው። ያ ተከታታይ ፊልም ከትንሽ ግንባታ ላይ በኮምፒውተር ትልቅ ሕንፃ መቀጠልን ያስተማራቸው የልምምድ ሜዳ ነበር።

ቀረጻው በእንግሊዝ አገር በዋትፎርድ አቅራቢያ በሚገኘው ሌቭስደን ስቱዲዮ ጁን 26 ቀን 1997 ተጀመረ። ሌቭስደን ቀድሞ የአውሮፕላን ሞተር ፋብሪካ ነበር። ሉካስፊልም ስቱዲዮውን ለሁለት ዓመት ተኩል ነበር የተከራየው፤ ምክንያቱም ዋናው ቀረጻ ሦስት ወር ብቻ የሚፈጅ ቢሆንም፣ ግንባታዎቹ ሳይፈርሱ ቆይተው ዳይሬክተሩ በፈለገ ጊዜ ተመልሶ የጎደለውን እንዲቀርጽባቸው ታስቦ ነው። የዚህን ፊልም አሠራር በአንድ ነገር አሳይ ብባል የምመርጠው ይህን የኪራይ ውል ነው። ሌሎች ፊልም ሠሪዎች ግንባታው በማግስቱ ስለሚፈርስ ዛሬ መወሰን ግድ ይሆንባቸዋል፤ ሉካስ ግን ግዴታውን በገንዘብ ገዝቶ አስቀረው።

ቱኒዚያና ካዘርታ

ከስቱዲዮ ውጭ የተቀረጸው ጥቂት ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለችው ንግሥት የምትኖርበት ቤተ መንግሥት በጣሊያን ካዘርታ ከተማ ያለው የነገሥታት ግቢ ነው፤ ጥንታዊው ሕንፃ እንዳይጎዳም ፍንዳታ ያለባቸው ትዕይንቶች ሌቭስደን ውስጥ በተሠራ አምሳያው ላይ ተቀርጸዋል።

የበረሃዋ ፕላኔት ታቱይን ግን ቱኒዚያ ነበረች። አናኪንና እናቱ የሚኖሩበት የባሪያዎች ሰፈር፣ በደቡብ ቱኒዚያ በርበሮች እህል ያከማቹባቸው የነበሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ የጭቃና የድንጋይ ጎተራዎች ናቸው። ከተማዋን ለመሥራት ደግሞ በቶዘር አቅራቢያ በረሃው ላይ ትልቅ ግንባታ ቆመ። በዚያ ቀረጻ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ሌሊት ያልተጠበቀ ማዕበል መጥቶ ግንባታውን አፈራረሰው፤ በፊልሙ ለሚታየው እሽቅድምድም የተሠሩት መኪናዎች ግዙፍ ሞተሮች ተገለባበጡ፣ የልብስና የሜካፕ ድንኳኖች ተቀዳደዱ። በ1976 የመጀመሪያው ፊልም በዚያው አገር ሲቀረጽም እንዲሁ ማዕበል ደርሶበት ነበርና ሉካስ ይህን እንደ መልካም ምልክት ቆጥሮታል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሊደነቅ ይገባዋል። ሠራተኞቹ ያልተጎዳውን ክፍል እየለዩ፣ የሚጠገነውን እየጠገኑ፣ የቀረጻውን ቅደም ተከተል ለውጠው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ቡድኑም ቱኒዚያን የለቀቀው አስቀድሞ በታቀደው ቀን ነው። የተሰበረን እንጨት በኮምፒውተር መተካት በማይቻልበት ቦታ፣ በአናጢና በልብስ ሰፊ ጉልበት የተገኘ ውጤት ነው። ስለዚህ ፊልም የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ኮምፒውተሩ በመሆኑ እነዚህ ሰዎች ይዘነጋሉ።

አካሉ የጠፋው ተዋናይ

የዚህ ፊልም ትልቁ የቴክኒክ እርምጃ ጃር ጃር ቢንክስ የተባለው አስቂኝ ፍጡር ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተሠሩ ፍጡራን በፊልም ታይተዋል፤ ነገር ግን ከሰው ተዋንያን ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚራመድ፣ የሚናገርና የሚነካካ ዋና አጋር ገጸ ባሕርይ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። ከጀርባው ያለው ሰው አሕመድ ቤስት ይባላል። የተዋንያን መራጯ ሮቢን ገርላንድ ያገኘችው ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ፣ በመጥረጊያና በቆርቆሮ ምት በሚሠራ የመድረክ ትርኢት ላይ ሲጫወት ነበር።

መጀመሪያ የታሰበው ቤስት ልብሱን ለብሶ ሲጫወት ቢያንስ በአንዳንድ ሾቶች አካሉ እንዲታይና ጭንቅላቱ ብቻ በኮምፒውተር እንዲተካ ነበር። የሉካስ የቪዥዋል ኢፌክት ኩባንያ የኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ባለሙያዎች ሲሞክሩት ግን የሚንቀሳቀስን አንገት ከሥዕል ጭንቅላት ጋር ማገጣጠም ሙሉ አካሉን ከመሥራት የበለጠ አድካሚና ውድ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ አካሉ በሙሉ ተፋቀ። ሆኖም ቤስት በየቀኑ በቀረጻ ቦታ ተገኝቶ፣ ተዋንያኑ ወደ ትክክለኛው ከፍታ እንዲመለከቱ የፍጡሩን ጭንቅላት ከራሱ በላይ ደፍቶ፣ እያንዳንዱን ትዕይንት ተጫውቷል። ድምፁም የእሱ ነው። በአኒሜሽን ኃላፊው ሮብ ኮልማን ሥር ያሉት ባለሙያዎች አረማመዱን፣ የእጁን ውርወራ፣ የትከሻውን ስብራት እያዩ ነው የሠሩት። ዛሬ በእንዲህ ያለ ሥራ ስማቸው የሚነሳ ተዋንያን ሁሉ የሚሄዱበትን መንገድ የጠረገው ይህ ወጣት ነው፤ ድርሻው ግን ለረጅም ጊዜ አልታየም።

ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ በጆን ኖል፣ በዴኒስ ሙረንና በስኮት ስኳየርስ መሪነት ወደ 2,000 የሚጠጉ የቪዥዋል ኢፌክት ሾቶችን ሠርቷል። ፊልሙ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የኮምፒውተር ብቻ አይደለም። የንግሥቲቱ ከተማ የቴድ ፏፏቴ በጥቁር መደብ ፊት ከላይ የሚፈስ ጨው ነው። በእሽቅድምድሙ ሜዳ ከሩቅ የሚታየው ተመልካች ሕዝብ፣ በአነስተኛ ሞዴል ላይ የተሰኩና በየቀለሙ የተነከሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጆሮ ማጽጃ ጥጦች ናቸው፤ ከሥር በተላከ አየር እየተወዛወዙ ሰው ይመስላሉ። ሌቭስደን ውስጥ የተሠሩት ግንባታዎችም አብዛኛውን ጊዜ ከተዋንያኑ ራስ ብዙም የማይዘልቁ ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማያዊ መጋረጃ ሲሆን ግድግዳውና ጣሪያው ኋላ ይሞላ ነበር።

የመጀመሪያው ዕይታ

የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው በኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሉካስ ከኤዲተሮቹ ከፖል ማርቲን ስሚዝና ከቤን በርት ጋር የሠራበት መንገድ ከወትሮው የተለየ ነበር። አንድ ተዋናይ በሁለተኛው ቀረጻ፣ አጠገቡ የቆመው ደግሞ በአምስተኛው ጥሩ ከሠሩ፣ ሁለቱን ከፍሎ በአንድ ሾት ውስጥ ያገናኛቸዋል። በቀረጻ ላይ ያልነበረ ሰው ይጨመራል፣ የነበረው ይወጣል። ጎደለ የተባለው ትዕይንት ከ1998 ኦገስት ጀምሮ እንደገና ሌቭስደን ተመልሰው ይቀርጹታል። እርሳሱ በሙሉ ኃይሉ የሠራው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ረቂቅ ቅጂው ለባልደረቦቹ ታየ። ሁኔታው ስለ ፊልሙ አሠራር በተሠራውና በ2001 ከዲቪዲው ጋር በወጣው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ተቀርጿል፤ እኔ ደጋግሜ ካየሁት በኋላም ሐቀኝነቱ ያስገርመኛል። መብራቱ ሲበራ ክፍሉ ጸጥ ይላል። በርት ስለ ፊልሙ ማብቂያ ይናገራል፤ ተመልካቹ በጣም ባጠረ ጊዜ ውስጥ ከጀግና ሞት ኀዘን ወደ ቀልድ፣ ከቀልድ ወደ ሽሽት፣ ከሽሽት ወደ ድል እንዲዘል መጠየቁ ከባድ መሆኑን ያስረዳል። ሉካስም ራሱ በአንዳንድ ቦታ ከልክ እንዳለፈ አይክድም።

ችግሩ ከአሠራሩ ስፋት የመጣ ነው። የ1977ቱ ፊልም የሚያልቀው በአንድ ጦርነት ነው፤ የ1983ቱ በሦስት ቦታ በአንድ ጊዜ በሚካሄዱ ግጭቶች ነበር። በዚህኛው ግን አራት ናቸው፤ የጃር ጃር ወገኖች የሆኑት ጉንጋኖች በሜዳ ላይ ከሮቦት ሠራዊት ጋር ይዋጋሉ፣ ንግሥቲቱ ቤተ መንግሥቱን ለማስመለስ ትታገላለች፣ ሕፃኑ በጠፈር ላይ መርከብ ያበራል፣ ሁለቱ ጄዳዮች ክዊ ጎንና ኦቢ ዋን ደግሞ ከክፉው ተዋጊ ከዳርዝ ሞል ጋር ይፋለማሉ። አንዱን ክር መዝዞ ማውጣት አይቻልም፤ በሜዳው ያለው ሠራዊት የሚቆመው በጠፈር ያለው የመቆጣጠሪያ መርከብ ሲፈነዳ ነውና። ሉካስም የሰጠው መልስ ይኸው ነበር፤ ክፍሎቹ እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው ውጤቱን ማለዘብ እንጂ መዋቅሩን መለወጥ እንደማይቻል ተናገረ።

የዚህ ጥናት ዋና ግኝት እዚህ ላይ ነው። የአንድን ተዋናይ የዓይን ጥቅሻ ማስወገድ የሚችል ሥርዓት፣ ከአራቱ ክሮች አንዱን ማስወገድ አልቻለም። በሾት ውስጥ ያለው ሁሉ በእርሳስ ተጽፎ ነበር፤ የታሪኩ አጽም ግን አንድ ሰው ብቻውን በጻፈበት በቢጫው ወረቀት ላይ ሳለ፣ ተቃውሞ ሳይገጥመው በቀለም ደርቆ ነበር። የ1977ቱን ፊልም የሠሩት ኤዲተሮች ማርሻ ሉካስ፣ ፖል ሂርሽና ሪቻርድ ቹ ነበሩ፤ ሥራቸውም የኦስካር ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። የሠሩትም ያለ ኮምፒውተር ኤዲቲንግ ነበር። ልዩነቱን የፈጠረው፣ በበጀቱ ጥበትም ሆነ በዙሪያው ባሉ ሰዎች ምክንያት፣ ዳይሬክተሩ ጥያቄው ገና ሳይረፍድ የሚገጥመው መሆኑ ነው ብዬ አስባለሁ። በ1998 ጥያቄው በበርት አንደበት ሲመጣ ጊዜው መሽቶ ነበር።

በፌብሩዋሪ 1999 ጆን ዊሊያምስ ሙዚቃውን ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በአቤይ ሮድ ስቱዲዮ ቀረጸ። ለፍልሚያው የተጻፈው ሙዚቃ በሳንስክሪት ቋንቋ የሚዘምር መዘምራን አለበት። የተበታተነው ማብቂያ በአንድነት ቆሞ ከታየ ትልቅ ድርሻ ያለው ይህ ሙዚቃ ነው፤ ታሪኩ ያላሰረውን ድምፁ ያስረዋል።

ውጤቱ

ፊልሙ በመጀመሪያው ቀን ብቻ በአሜሪካ 28.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በመጀመሪያው ዙር በዓለም ዙሪያ ወደ 924 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በጁን 1999 በአራት ሲኒማ ቤቶች ያለ ፊልም ጥቅል፣ በዲጂታል ፕሮጀክተር ታየ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታዩ ክፍል ደግሞ ሙሉ በሙሉ በዲጂታል ካሜራ ተቀረጸ። ለሦስት የኦስካር ሽልማቶች በቪዥዋል ኢፌክት፣ በድምፅና በድምፅ ኤዲቲንግ ታጭቶ በሦስቱም «ዘ ማትሪክስ» አሸነፈው። በገንዘብ ሲመዘን የተሳካ ነው፤ የኢንዱስትሪውን መሣሪያ ለውጧል ሲባልም እውነት ነው።

ከተቺዎችና ከቀድሞ አፍቃሪዎቹ ግን ከባድ ቁጣ ገጠመው፤ ቁጣውም በአብዛኛው ያረፈው በጃር ጃር ላይ ነው። ገጸ ባሕርዩ ጥቁሮችን የሚያንቋሽሹ የቆዩ ማላገጫዎችን ይመስላል የሚል ክስም ቀረበ፤ ሉካስፊልም አስተባበለ። ገጸ ባሕርዩን የጻፈውም የፈቀደውም ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ ስድቡን የተሸከመው አካሉ በፊልሙ ያልታየው ተዋናይ ነበር። አሕመድ ቤስት በ2018 ከልጁ ጋር ብሩክሊን ድልድይ አጠገብ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ አጋርቶ፣ በዚያን ጊዜ የደረሰበት ዘመቻ ሕይወቱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ እንዳደረሰው ጻፈ። ስለዚህ ፊልም ወጪና ገቢ ሲሰላ ይህ በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ መግባት ግን ነበረበት። በ2023 ቤስት በዚያው የስታር ዋርስ ዓለም ውስጥ ጄዳይ ሆኖ፣ በራሱ ፊትና በራሱ አካል፣ በቴሌቪዥን ተከታታይ ታይቷል፤ ተመልካቹም በደስታ ተቀብሎታል።

ሉካስ ግን እርሳሱን አላስቀመጠም። በ2001 የወጣው ዲቪዲ በሲኒማ ቤት የታየው ፊልም አይደለም፤ እሽቅድምድሙ ረዝሟል፣ አዲስ የበረራ ትዕይንትም ገብቷል። በ2011 በብሉ ሬይ ሲወጣ ደግሞ ፍራንክ ኦዝ በእጁ ያንቀሳቅሰው የነበረው የአረጋዊው ጄዳይ የዮዳ አሻንጉሊት ከፊልሙ ወጥቶ በኮምፒውተር በተሠራ ዮዳ ተተካ። የኦዝ ድምፅ ብቻ ቀርቷል።